ቮልስ አይበላሽም ያለው ማነው?

ቮልስ የምትነዳ ሴት በሄደችበት የምትሰማው አንድ አባባል አለ። «ቮልስ እኮ አይበላሽም!» ማደያ ሰልፍ ላይ እሰማዋለሁ። ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ሳቆም እሰማዋለሁ። ትራፊክ ካስቆመኝም መንጃ ፈቃዴን እያገላበጠ ያንኑ ይለኛል። ልብ ብዬ ሳስተውል፣ ይህን ከሚሉት አብዛኞቹ የራሳቸው ቮልስ ኖሯቸው አያውቅም። የአባታቸው ነበር፣ ወይም የአጎታቸው። እነሱ ከኋላ ተቀምጠው በመስኮት እያዩ ነው ያደጉት። ቅዳሜ ቅዳሜ እጁን ዘይት ነክሮ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ የሚውለው ሌላ ሰው ነበር።

ቮልስ ይበላሻል። እንዲያውም ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ ይበላሻል። ደግነቱ ጥገናው ቀላል ነው። አለመበላሸትና በቀላሉ መጠገን ለየቅል ናቸው፤ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል። መኪናውን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከወዲሁ ቢለያቸው ብዙ ብስጭት ይቀርለታል።

የእኔዋ በፈረንጆች 1968 ሞዴል፣ 1300 የምትባለዋ ናት። ቀለሟ ክሬም ነው። የግራው ፓራፋንጎ ግን ሌላ ዓይነት ክሬም ነው፤ ፀሐይ ሲሆን ያስታውቃል። ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። ቤቴ ሽሮ ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ የኮብልስቶን ዳገት ላይ ነው። ትምህርት ቤቴ ደግሞ መሀል ከተማ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እሁድ እሁድ አጥቦ ለፎቶ ለሚያወጣት ሰው አይደለም። የእኔዋ በየቀኑ ዳገት የምትወጣ፣ ሽንኩርት የምትሸከም፣ ዝናብ ላይ የምታድር መኪና ናት።

ዳገቱን ላስቀድም። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ያ ግን ባሕር ወለል ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሽሮ ሜዳ ከዚያም ከፍ ይላል። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ሞተር ያለ አየር አይሠራምና ጉልበቱም ሩቡን ያህል ይጎድላል። ከ40 ፈረስ 30ው ቀረ ማለት ነው፤ ያውም ሞተሩ አዲስ ቢሆን። እኔ፣ እናቴና ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከተሳፈርን ሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን አይወጣም። አንደኛ አስገብቼ፣ የሰፈሩ ልጆች በእግራቸው እየቀደሙኝ፣ ቀስ ብዬ እወጣለሁ። ይህን የማይወድ ሰው ቮልስ አይግዛ። ስትገፋፋት አትሮጥም፤ ዝም ብላ ትጮሃለች እንጂ።

አየሩ መሳሳቱን ደግሞ ካርቡራተሩ አያውቅም። ቤንዚኑን የሚለካው ባሕር ዳርቻ ያለ ይመስል ነው። አየር አነሰ፣ ቤንዚን በዛ። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ በጥላሸት ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጭስ ይተፋል፣ የነዳጅ ወጪው ይንራል። እኔ የገዛኋት ጊዜ እንዲህ ነበረች። አሁን የምሄድባቸው መካኒክ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቀዳዳ በአነስተኛ ቀየሩልኝና ሌላ መኪና ሆነች። ቮልስ ቤንዚን ይጠጣል ብላችሁ የምታማርሩ ካላችሁ፣ ሞተር ከማሳደሳችሁ በፊት ይህችን አስፈትሹ። ፋብሪካው በ100 ኪሎ ሜትር ስምንት ሊትር ተኩል ገደማ ይላል። እዚህ፣ ከነዳገቱና ከነመጨናነቁ፣ 10 ሊትር ከጨረሰች እኔ አልከፋም።

ዳገት ላይ የምትመሰገንበትም አለ። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚነዱትም የኋላ ጎማዎች ናቸው። አብዛኛው ክብደቷ በሚነዳው ጎማ ላይ ያርፋል። ነሐሴ ላይ ኮብልስቶኑ ረጥቦ ሳሙና ሲሆን የጎረቤቴ ዘመናዊ መኪና ጎማው ባለበት እየተሽከረከረ ሲቸገር፣ እኔ በቀስታ አልፌው እወጣለሁ። ለትሕትና ያህል ክላክስ አላደርግም።

ቁልቁለቱ ሌላ ጉዳይ ነው። የእኔዋ አራቱም ፍሬኖቿ ታምቡር ናቸው። ዲስክ የለባቸውም። ከእንጦጦ ቁልቁል ፍሬን ረግጦ መውረድ ታምቡሩን ያግለዋል፤ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር ለቮልስ በትክክል ይሠራል። አንድ ጊዜ አባይ በረሃን ወርደንባታል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ መውረድ፣ ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል መልሶ መውጣት ነው። ስንወርድ ሁለተኛ ማርሽ፣ ስንወጣም ያው ሁለተኛ፣ አንዳንዴ አንደኛ። ከባድ መኪኖች መንገድ ዳር ቆመው ራዲያተር ውስጥ ውኃ ሲያፈሱ እኛ አለፍናቸው። እናቴ በመስኮት እጇን እያወዛወዘች ሰላም ትላቸው ነበር።

ሰው ሁሉ የሚያወራላትም ይህንኑ ነው። ራዲያተር የላት፣ ውኃ የላት፣ ስለዚህ አትሞቅም ይላሉ። ግማሹ ልክ ነው። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ክዳኑ ካረጀና ግፊት ካልያዘ ቶሎ ይፈላል። ቮልስ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናት። ግን እሷን የሚያቀዘቅዛት አየር ነው፤ ያ አየር ደግሞ እዚህ ስስ ነው። ማራገቢያው ያው ይሽከረከራል፤ የሚገፋው አየር ግን ክብደቱ አንሷል፣ የሚሸከመው ሙቀትም አብሮ አንሷል። ስለዚህ ትሞቃለች፤ ዝም ብላ ነው የምትሞቀው። የሙቀት መለኪያ ሰዓት የላትም። እንፋሎትም አይወጣት። ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ እያስጨነቋት የሚነዷት ሰዎች ሞተር ሲያቃጥሉ «ምንም ምልክት አላሳየችም እኮ» ይላሉ።

ምልክት የምታሳየው ችንጋው፣ ማለትም የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ ሲበጠስ ነው። አንዷ ችንጋ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞም ማራገቢያውንም ታዞራለች። ስትበጠስ ቀዩ መብራት ቦግ ይላል። ሌላ መኪና ላይ ይህ መብራት «ባትሪ እየሞላ አይደለም፣ ቤት ደርሰህ ታየዋለህ» ማለት ነው። ቮልስ ላይ «አሁኑኑ አጥፊኝ» ማለት ነው። እስከሚቀጥለው ማደያ ልድረስ ያለ ሰው ሞተር አሳድሷል።

እኔ ጋ ትርፍ ችንጋ፣ 21 ቁጥር ቁልፍና ካቻቢቴ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ አሉ። አሠራሩ ለተማሪ ቢሰጥ የሚወጣ ነው። ዲናሞው ላይ ያለው ፑሌጃ፣ ችንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት፣ ዳሩ ላይ ቆረጥ ያለ ቦታ አለው፤ እዚያ ካቻቢቴ አስደግፋችሁ እንዳይዞር ትይዙታላችሁ። ዳዶውን በ21 ትፈታላችሁ። ፑሌጃው ለሁለት ይከፈላል። መሀሉ ላይ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ችንጋው ከላላ ከመሀል ሮንዴላ ቀንሳችሁ በውጭ በኩል ትጨምራላችሁ፤ ከጠበቀ በተቃራኒው። የተረፈውን ሮንዴላ እንዳትጥሉ፤ ነገ ያስፈልጋችኋል። አውራ ጣት ሲጫነው አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ከገባ በቂ ነው። ከዚያ እጅ መታጠብ ነው። ለዚህ ያህል ሥራ ጎታች መኪና የጠራ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልናገርም፣ ባለቤቴ ነው።

የችንጋው ጥራት ግን ወሳኝ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉት ሱቆች አንዱ «ኦሪጅናል የጀርመን» ብሎ የሸጠልኝ ችንጋ ክረምቱን እንኳ አልጨረሰም፤ ጎኑ እንደ ቅጠል ተላጠ። መልሼ ወስጄ ሳሳየው ሻጩ «እህቴ፣ አነዳድሽ ነው» አለኝ። ችንጋ በአነዳድ የሚላጥ ከሆነ እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ሁሉ ስህተት ነው። ሶማሌ ተራ ደግሞ ያገለገለ እቃ ይገኛል፤ በር፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ የመብራት ክብ። እነዚህን ከዚያ እገዛለሁ። ጎማ ነክና ፍሬን ነክ ነገር ግን አሮጌ አልገዛም፤ የቱንም ያህል ቢረክስ።

የእቃው ነገር ከቀድሞው ከብዷል። መኪናው መመረት ያቆመው ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 ነው፣ በእኛ 1995። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ስለዚህ እቃው ከዓለም አልጠፋም። እዚህ ግን የሚያመጣው ነጋዴ አነሰ፣ የሚጠግነው መካኒክም አረጀ። የእኔ መካኒክ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «አንቺ ልጅ» ይሉኛል። ጋራዣቸው ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ሦስት መኪና የማይበቃው ቦታ ነው። ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቁም። ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ይስተናገዳል። ሂሳባቸው ግን ግልጽ ነው፤ የቀየሩትን አሮጌ እቃ በጋዜጣ ጠቅልለው እጄ ላይ ያስቀምጡልኛል። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ ካገኛችሁ ቦታው አይመች፣ ወረፋው ይርዘም፣ ሻይ አይኑር፣ ዝም ብላችሁ ያዙት።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሞተሩን አስነስተው ጆሯቸውን አዘንብለው ቆሙ። ከዚያ «ሦስተኛዋ አትመችም» አሉ። ሦስተኛዋ ማለት ሦስተኛዋ ሲሊንደር፣ ቤንዚን ከሚቃጠልባቸው አራት ክፍሎች አንዷ ናት። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩ መንገድ ላይ ስለተተከለ ለእሷ የሚደርሳት አየር ሞቅ ያለ ነው። ከአራቱ ቀድማ የምትጎዳው እሷ ናት። ጋሼ ቫልቭ ሲያስተካክሉ ለእሷ ትንሽ ላላ ያደርጉላታል። «አንቺ ልጅ፣ ቫልቭ የሚታየው ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው፤ ማታ አምጥተሽ አሳድሪያት፣ ጠዋት አያታለሁ» ይላሉ። ሌላ ጋራዥ ሞተሩ እንደጋለ ያስተካከሉልኝ ጊዜ አለ። «ጨርሰናል፣ ባልሽ መጥቶ ይሞክራት» አሉኝ። እዚያ አልተመለስኩም።

ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ናት። ፊልትሮ የላትም፤ ከሥሯ የሽቦ ወንፊት አለች፣ ዘይት ሲቀየር ታጥባ ትመለሳለች። ፊልትሮ የሌለው ሞተር ንጹሕ ዘይት ይፈልጋል፤ እኔ 5,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ እቀይራለሁ። ዘይት ያንጠባጥባል ወይ? ያንጠባጥባል። ግቢዬ ውስጥ ካርቶን አንጥፌለታለሁ።

አሁን ቀልድ የሌለበት ጉዳይ። መንገድ ዳር ተቃጥሎ የቀረ ቮልስ ያየ ሰው አይጠፋም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያው ነው። የቤንዚን ቱቦው በሞተሩ ላይ ያልፋል፤ ከሥሩ ብልጭታ የሚያከፋፍለው ክፍልና የጋለ ብረት አለ። ቱቦው በጨርቅ የተሸፈነ ዓይነት ከሆነ ውስጡ ሲሰነጠቅ አይታይም። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባት የነሐስ አፍም እየላላች ትወልቃለች። እኔ ቱቦውን በየዓመቱ፣ ቦሎ ሳወጣ አብሬ አስቀይራለሁ። ደህና ቢመስልም አስቀይራለሁ። ርካሽ ነው። እሳት ማጥፊያው ወንበር ሥር ነው፤ ከፊት ኮፈን ውስጥ አላስቀምጠውም፣ የቤንዚኑ ጋን እዚያ ነዋ።

ስለ ቤንዚን ጋን ካነሳሁ፣ ማደያ። ወረፋ ጠብቄ፣ በቴሌብር ልከፍል ስልኬን አዘጋጅቼ ስደርስ፣ ቀጂው ወጣት ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላ ሞተር ነው። የእኔዋ መቅጃ ከፊት፣ በቀኝ በኩል ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት ሞዴሎች ደግሞ የፊት ኮፈን ተከፍቶ ነው የሚቀዳላቸው። ልጁ ሲመለስ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ግን አይስቅም።

ወንበሩ ለአጭር መንገድ ይመቻል። ችግሩ በሩ ሁለት ብቻ መሆኑ ነው። ከኋላ ለመግባት የፊቱ ወንበር ይታጠፋል፣ ሰው አጎንብሶ ይሾልካል። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ ያስገቧቸው ቮልስ ውስጥ ነበር፤ ከኋላ። ይህን ታሪክ በእኔ መኪና አጠገብ ያልነገረኝ ሽማግሌ የለም። እኔ የማስበው ግን በ82 ዓመታቸው እዚያ ጠባብ ቦታ እንዴት እንደገቡ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ከኋላ አትቀመጥም። እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም የፊቱ ወንበር የእሷ ነው።

እቃ መጫን ላይ ደካማ ናት። የፊቱ ቦታ ዘንበል ያለ ስለሆነ ሻንጣ እንጂ ጆንያ አይቀበልም። ጤፉ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የፋሲካ በግም እንዲሁ። ሌላው ሰው በጉን የኋላ ኮፈን ውስጥ ከቶ ይሄዳል፤ የእኔ በግ ከኋላ ሆኖ በመስኮት ከተማ እያየ ነው የሚመጣው። ሽታው እስከ ጰራቅሊጦስ ይቆያል።

ክረምት ላይ መስታወቱ በእንፋሎት ይሸፈናል። ማሞቂያው ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር በበሩ ሥር ባለው ቱቦ አሳልፎ ወደ ፊት ያመጣል ተብሎ የተሠራ ነው። ያ ቱቦ ከዛገ የሚመጣ ነገር የለም። የእኔው ዝጓል። ጨርቅ አለኝ፤ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ይጠርጋል። ዝናብ መጥረጊያዎቹም አጫጭር ናቸው፤ ሐምሌ ላይ አስፋልት ወንዝ ሲሆን ቆሞ ማሳለፍ ይሻላል።

ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ ሄጄባታለሁ። መሄዱን ትሄዳለች። ግን ነፋስ ከጎን ሲመታት መሪው እጅ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ትልቅ አውቶቡስ ሲያልፍም እንዲሁ። በቀኝ መስመር፣ በ80፣ ሬዲዮ ሳይሰማ። ሬዲዮው ይሠራል፤ ሞተሩ ግን ይበልጠዋል። በየሳምንቱ ቢሾፍቱና አዳማ የሚመላለስ ሰው ሌላ መኪና ይፈልግ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አሁን የሚጠራው ገንዘብ ያስቀኛል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። ቮልስ ያለው ደግሞ «አንቲክ ነው» የምትል ቃል ጨመረበት። አንቲክ ዝገትን አይደፍንም። ለዕለት ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ክሮሟ የሚያብረቀርቀውንና ለሰርግ የምትከራየዋን ተዉአት። ቀለሟ የደበዘዘ፣ ወለሏ ግን ጤነኛ የሆነችውን ፈልጉ።

ወለሉን ለማየት የኋላውን መቀመጫ አንሱ። ባትሪው እዚያ ሥር በቀኝ በኩል ነው። አሲዱ ሲንጠባጠብ የኖረበት ወለል ይበሰብሳል፤ ምንጣፉን ገለጥ አድርጋችሁ በካቻቢቴ ነካ ነካ አድርጉት። ባትሪው መሸፈኛ እንዳለውም እዩ፤ ከሌለው፣ ወፍራም ሰው ከላይ ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ባትሪውን ይነካና ጭስ ይጀምራል። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የታችኛውን ትልቁን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ መልሳችሁ ግፉት። በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ ካለውና ኳ ኳ ካለ፣ ሞተሩ ተከፍቶ መታደስ አለበት ማለት ነው፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ቀንሱ። እኔ ይህን ሳደርግ ያየኝ አንድ ሻጭ «እህት፣ መኪናውን ልትገዢ ነው ልትፈቺ?» ብሎ ተቆጣ። ፑሌጃው ኳ ኳ ይል ነበር። ደላላው አስፋልት ድረስ ተከትሎኝ ዋጋውን ሲያወርድ ቆየ፤ እኔ ግን ታክሲ ያዝኩ።